የታራስፕን ግንብ ማን ያድሰው? የአንድ የአልፕስ ግንብ የባለቤትነት ታሪክ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ

በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በግራውቡንደን ካንቶን (ራሱን በሚያስተዳድር ክልል)፣ የኢን ወንዝ ወደ ኦስትሪያ በሚወርድበት በታችኛው ኤንጋዲን ሸለቆ ውስጥ የታራስፕ ግንብ ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የድንጋይ ጉብታ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ከእግሩ ሥር ፎንታና የምትባል መንደርና አንድ ትንሽ ሐይቅ አሉ። ዛሬ የአገሪቱ መንግሥት ብሔራዊ ጠቀሜታ ካላቸው ቅርሶች መካከል መዝግቦታል።

ይህን ግንብ ለጥናት የመረጥኩት ከሌሎቹ ስለሚያምር አይደለም። ወደ አንድ ሺህ ዓመት በሚጠጋ ዕድሜው ያልገባበት የባለቤትነት ዓይነት የለም ለማለት ይቻላል። ተወርሷል፣ ተሽጧል፣ በጉልት ተሰጥቷል፣ በንጉሠ ነገሥት ችሮታ ተላልፏል፣ በጦርነት ማግሥት በተደረገ የአገሮች ክፍፍል ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላ ሄዷል፣ በኑዛዜ ተለግሶም የተለገሰው ሰው አልቀበልም ብሏል። በመጨረሻም በ2016 ለግል ገዥ ተሸጧል። አንድን አሮጌ ቤት በጋራ የወረሱ ቤተሰቦች፣ ታሪካዊ ሕንፃ እጃቸው ላይ የወደቀ የከተማ አስተዳደሮች፣ ቅርስን ለማዳን ገንዘብ የሚያሰባስቡ ማኅበራት ሁሉ የሚገጥማቸው ጥያቄ እዚህ አንድ ሕንፃ ላይ ተደራርቦ ይታያል።

ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። በሕይወት ያሉና የቅርብ ዘመን ባለጉዳዮችን በስም አልጠራም፤ በነበራቸው ድርሻ ብቻ እገልጻቸዋለሁ።

ዳራ፦ ግንቡ ከመሬቱና ከሰው ጋር የሚተላለፍበት ዘመን

ግንቡ የተመሠረተው በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ 1040 አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። የሠሩት ስማቸውን ከቦታው የወሰዱት የታራስፕ ጌቶች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በሸለቆው ውስጥ ገዳም እስከመመሥረት የደረሰ ሀብት ነበራቸው፤ በሹኦል የተከሉት ገዳም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከተራራው ወዲያ ወደ ማሪየንበርግ ተዛውሮ እስከ ዛሬ ድረስ መነኮሳት ይኖሩበታል። ቤተሰቡ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የዘር ሐረጋቸው ሊቋረጥ ሲል የግንቡ ድርሻ ለኩር ከተማ ጳጳስ እንዲተላለፍ ተደረገ። በዚህ የተነሣ በዘመዳሞች መካከል ጠብ ተነሣ፤ ግንቡም በኃይል ተይዞ በኃይል ተመለሰ። የመጀመሪያው የባለቤትነት ሽግግር በሰላም አልተፈጸመም ማለት ነው።

በ1239 የኦስትሪያ አዋሳኝ ግዛት የሆነችው የቲሮል ገዥ ኮንት አልበርት ግንቡን በግዢ ያዘው። የቲሮል ገዥዎች ደግሞ የማች ጌቶች ለሚባሉ የአካባቢው መኳንንት በጉልት ሰጡት። በ1464 ማቾች መብታቸውን ለኦስትሪያው መስፍን ለሲግሙንድ ሸጡ፤ ግንቡም ከዚያ ጀምሮ በቀጥታ የሃብስበርግ ቤተሰብ ሆነ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የተሸጠውና የተገዛው ምን እንደነበረ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገዥው የገዛው ድንጋይና ጣሪያ ብቻ አልነበረም። ከግንቡ ጋር የዳኝነት መብት፣ ከገበሬው የሚሰበሰብ ግብር፣ ደንና የግጦሽ መሬት አብሮ ይተላለፍ ነበር። በግንቡ ውስጥ የሚቀመጠው የኦስትሪያ ሹም ፍርድ የሚሰጠውም፣ ግብር የሚሰበስበውም፣ የፈረሰ ግድግዳ የሚያስጠግነውም ከዚሁ ገቢ ነበር። ግንቡ ራሱን በራሱ ያድስ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ ኋላ የደረሰበትን ችግር የምንረዳው ይህን ከያዝን ነው።

የሸለቆው ሕዝብ በበኩሉ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ታችኛው ኤንጋዲን ከሦስቱ ሊጎች ጋር፣ ማለትም ኋላ የግራውቡንደን ካንቶን ከሆነው ኅብረት ጋር ቆመ፤ በሃይማኖትም አብዛኛው ፕሮቴስታንት ሆነ። በ1652 ኤንጋዲኖች ኦስትሪያ በእነርሱ ላይ የነበራትን መብት በገንዘብ ገዝተው ነፃ ወጡ። ታራስፕ ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ አልገባችም። ዙሪያዋ ሁሉ ፕሮቴስታንትና ነፃ ሲሆን፣ እርሷ ካቶሊክና የኦስትሪያ ግዛት ሆና ቀረች። በእግር በአንድ ቀን በሚዞሩት አካባቢ ሁለት መንግሥትና ሁለት ሃይማኖት ነበር። ባለቤትነት በሰነድ ላይ የሚቀመጥ ቃል ብቻ ሳይሆን ሰው የሚያገባበትን፣ የሚቀበርበትንና የሚከሰስበትን ቦታ የሚወስን ነገር እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

በ1687 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሌዎፖልድ ቀዳማዊ ታራስፕን ለዲትሪሽሽታይን መሳፍንት ሰጡ። የዚህ ቤተሰብ መቀመጫ በጣም ሩቅ፣ በሞራቪያ (በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ) ነበር። ግንቡን የፈለጉት ሊኖሩበት አልነበረም። በቅዱስ ሮማ ግዛት ጉባኤ ከመሳፍንቱ ጋር ለመቀመጥና ድምፅ ለመስጠት በቀጥታ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚታዘዝ መሬት መያዝ ያስፈልግ ነበር፤ ታራስፕ ትንሽና ሩቅ ብትሆንም ይህን ታሟላ ነበር። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በላይ የግንቡ ዋጋ በተራራው ላይ ሳይሆን በጉባኤው አዳራሽ ወንበር ላይ ነበር።

ችግሩ፦ ግንቡ ብቻውን ሲቀር

ናፖሊዮን የአውሮፓን ካርታ ሲያስተካክል በ1803 ታራስፕ ከኦስትሪያ ተወስዳ ለስዊዘርላንድ፣ በዚያም በኩል ለግራውቡንደን ካንቶን ተሰጠች። ዲትሪሽሽታይኖች በምትኩ በደቡብ ጀርመን ኖይራቬንስቡርግ የሚባል ግዛት ተሰጣቸው። በሸለቆው መካከል ተነጥሎ የቆየው የኦስትሪያ መሬት በዚህ አበቃ። ለነዋሪዎቹ ጥሩ ቀን ነበር። ግንቡ ግን የመውደቂያው መጀመሪያ ያን ጊዜ ነው።

ዳኝነቱ ወደ ካንቶኑ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ግብሩ ወደ ካንቶኑ ግምጃ ቤት ገባ፣ የጉባኤው ወንበርም ከጉባኤው ጋር ጠፋ። በጉብታው ላይ የቀረው ባዶ ሕንፃ ብቻ ነበር። ካንቶኑ በዚያ ዘመን ሀብታም አልነበረም፤ ጠላት ለማይመጣበት ምሽግ ገንዘብ የሚያወጣበትም ምክንያት አላገኘም። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ለግል ሰዎች ሸጠው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እየተላለፈ ዕቃው ተሸጠ፣ ተወሰደ፤ ክፍሎቹ ተራቆቱ።

በዚህ ከፍታ ላይ ያለ ሕንፃ እንዴት እንደሚፈርስ በቅርብ ማየት ይጠቅማል። መጀመሪያ የሚሄደው ግድግዳው አይደለም፤ የጣሪያው ክዳን ነው። ነፋስ ጥቂት ክዳን ያነሣል። በዚያ ቀዳዳ የሚቀልጠው በረዶ ወደ ግድግዳው አናት፣ በድንጋዮቹ መካከል ወዳለው ኖራ ይሰርጋል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውኃው በረዶ ሆኖ ይሰፋል፣ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይቀልጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ይህ በየቀኑ ሊደጋገም ይችላል። ኖራው ዱቄት ይሆናል፣ የላይኛው ድንጋይ ይላላል፣ የወለሉን እንጨት የተሸከመው የምሰሶ ጫፍ ይበሰብሳል። ክዳኑን በወቅቱ መመለስ የአንድ አናጢ የጥቂት ቀን ሥራ ነበር። ሃያ ዓመት ከተዘለለ ግን ወለልና ግድግዳ አብሮ ይወርዳል። ዓመታዊ ጥገና የማይታይ ወጪ ነው፤ የሚታየው ሲቀር ብቻ ነው። እኔ በታራስፕ ታሪክ ውስጥ ዋናውን ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*አንደኛው፦ የአንድ ሀብታም ገንዘብ (1900–1916)*

ግንቡን ከመፍረስ ያዳነው ሰው ከጀርመኗ ከተማ ከድሬዝደን የመጣው ካርል አውጉስት ሊንግነር ነው። ሊንግነር በ1861 በማግደቡርግ የተወለደ ነጋዴ ሲሆን፣ ሀብቱን ያገኘው ኦዶል ከሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ ነው፤ አንገቱ ወደ ጎን የታጠፈው ነጭ ጠርሙስ በየአገሩ ይታወቅ ነበር። ገንዘቡን ለሕዝብ ጤናም አውሏል። በ1911 በድሬዝደን ያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የንጽሕና አጠባበቅ ኤግዚቢሽን ከአምስት ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ነበረው፤ የከተማይቱ የንጽሕና ሙዚየምም የእርሱ ውጥን ነው።

ከግንቡ አጠገብ፣ በኢን ወንዝ ዳር፣ የማዕድን ውኃ ምንጮች ነበሩ፤ ከ1860ዎቹ ጀምሮ ለሕክምና ለሚመጡ እንግዶች ትልቅ ሆቴል ተሠርቶላቸው ነበር። ሊንግነርን ወደዚያ ሸለቆ የሳበው ይኸው ነው። በ1900 ግንቡን በ20,000 ፍራንክ ገዛው። ዋጋው የግንቡን ሁኔታ ይናገራል፤ የተከፈለው ለቦታውና ለቆሙት ግድግዳዎች ብቻ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል የቆየ እድሳት ተጀመረ። ጣሪያው ተመለሰ፣ ግድግዳው ተጠገነ። የውስጡ ዕቃ አስቀድሞ ተዘርፎ ስለነበር ሊንግነር ከአካባቢው የቆዩ ቤቶችና ከቲሮል አሮጌ የእንጨት ግድግዳዎች፣ ምድጃዎችና የቤት ዕቃዎች ገዝቶ አስመጣ። ዛሬ ጎብኚው የሚያየው በእንጨት የተለበጠ ክፍል የመካከለኛው ዘመን ይምሰል እንጂ በዚያ ግንብ ውስጥ የኖረው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥም በድሬዝደኑ የየምሊሽ ድርጅት የተሠራ፣ ወደ 2,500 የሚጠጉ ቧንቧዎች ያሉት ኦርጋን አስተከለ። ጠብመንጃና ጦር ለሚቀመጥበት ዘመን በተሠሩ ወፍራም ግድግዳዎች መካከል የሙዚቃ መሣሪያ ማቆም የአንድ ሰው ፍቅር ካልሆነ በምንም ስሌት አይገኝም።

እድሳቱ ያለቀው በ1916 ነው። ሊንግነር የሞተው በሰኔ 1916 ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳይኖርበት ቀረ።

*ሁለተኛው፦ ኑዛዜው*

ሊንግነር ልጅ አልነበረውም። ግንቡን በጀርመን ለምትገኘው ለሳክሶኒ ንጉሥ ለፍሬድሪክ አውጉስት ሣልሳዊ ተናዘዘ። ንጉሡ አልተቀበሉም። ቀጥሎ ውርሱ ለሌላው የጀርመን ግዛት ለሄሰ ታላቅ መስፍን ለኤርንስት ሉድቪግ ቀረበ፤ እርሳቸው ተቀበሉ። ኤርንስት ሉድቪግ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጅ፣ የመጨረሻዋ የሩሲያ ንግሥት ወንድም ሲሆኑ፣ በዳርምሽታት የኪነ ጥበብ ሰዎችን በአንድ መንደር ያሰባሰቡ ጥበብ ወዳድ ሰው ነበሩ። ግንቡን በተቀበሉ በሁለት ዓመት፣ በኅዳር 1918፣ ዙፋናቸውን አጡ። ታራስፕ ግን በውጭ አገር ያለ የግል ንብረታቸው ስለነበረ አብሯቸው ቆየ።

*ሦስተኛው፦ የቤተሰብ ይዞታ (1916–2016)*

የሄሰ ቤተሰብ ግንቡን መቶ ዓመት ያዘው። ቤተሰቡ በበጋ ይኖርበት ነበር፣ ከፊሉ ደግሞ ለጎብኚ ክፍት ሆኖ በአስጎብኚ ይታይ ነበር፤ በኦርጋኑም የሙዚቃ ዝግጅት ይደረግ ነበር። ይህ ጥምረት ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። ነገር ግን የቤተሰቡ ዕጣ ከባድ ነበር። ኤርንስት ሉድቪግ በጥቅምት 1937 አረፉ። በቀጣዩ ወር ትልቁ ልጃቸው፣ ሚስቱ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹና እናቱ ወደ ለንደን ለሠርግ ሲሄዱ በቤልጂየም፣ በኦስተንድ አጠገብ አውሮፕላን ተከስክሶ ሞቱ። የተረፈው ሁለተኛው ልጅ፣ ያ የሠርጉ ሙሽራ፣ ልጅ ስላልወለደ ከሌላው የቤተሰቡ ቅርንጫፍ በጉዲፈቻ ወራሽ አደረገ። በ1968 እርሱ ከሞተ በኋላ የቤቱ ቅርስ በዚሁ መንገድ ቀጠለ። ወራሾቹ በጀርመን ሌሎች ቤተ መንግሥቶችና ሙዚየሞች ነበሯቸው፤ በስዊዝ ተራራ ላይ ያለው ግንብ ለእነርሱ ሩቅና ውድ ሆነ።

*አራተኛው፦ የመንደሩ ሙከራ*

በ2000ዎቹ ዓመታት ቤተሰቡ ለመሸጥ እንደሚፈልግ ታወቀ። ታራስፕ በዚያን ጊዜ ጥቂት መቶ ነዋሪዎች ያሏት ራሷን የቻለች ማዘጋጃ ቤት ነበረች። ግንቡ ለማይታወቅ የውጭ ሀብታም ተሸጦ በሩ ይዘጋል የሚል ሥጋት ስለነበረ አንድ ፋውንዴሽን ተቋቋመና ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ከቤተሰቡ ጋር ለዓመታት ተነጋገሩ። ለግዢውም ለዘላቂው ጥገናም የሚበቃ ገንዘብ ግን አልተገኘም፤ ግዢው ሳይፈጸም ቀረ።

*አምስተኛው፦ የ2016 ሽያጭ*

በጥር 2015 ታራስፕ ከአርደዝ፣ ከፍታን፣ ከጓርዳና ከሴንት ጋር ወደ ሹኦል ተዋሃደች። አዲሷ ሹኦል በቆዳ ስፋት በስዊዘርላንድ ትልቋ ማዘጋጃ ቤት ሆነች። በቀጣዩ ዓመት ግንቡን በ7.9 ሚሊዮን ፍራንክ የገዛው ከዚያው ሸለቆ፣ ከሴንት መንደር የተወለደ በዓለም የታወቀ ቀራጺ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ግንቡ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን በዓመት 200,000 ፍራንክ ለመስጠት ተስማማ። ገዥው የራሱንና የሌሎችን የጥበብ ሥራ በአሮጌዎቹ ክፍሎች ውስጥ አስቀመጠ። በግንቡ አቅራቢያም ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ብቻ የሚወጣበት፣ ደረጃዎቹ በውጭ በኩል የሆኑ ማማ አቆመ፤ የዚህ ማማ ቀዳሚ በኒጀር፣ በአጋዴዝ ከጭቃ የተሠራ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

የሊንግነር ገንዘብ ሕንፃውን አድኗል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ያለ እርሱ ዛሬ የምናወራው ስለ ፍርስራሽ ነበር። ኑዛዜው ግን በተቀባዩ ክብር ላይ ተማምኖ ነበር። ንጉሥ ከሆነ ይጠብቀዋል የሚል ግምት ሁለት ጊዜ ከሸፈ፦ አንዱ ንጉሥ አልፈልግም አለ፣ ሁለተኛው መስፍን ብዙም ሳይቆይ ዙፋኑን አጣ። ሊንግነር በድሬዝደን የነበረውን ቪላ ለከተማው ሲናዘዝ ግን ቦታው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና ተራ ሰው የሚስተናገድበት ምግብ ቤት እንዲኖረው ሁኔታ አስቀምጧል። የአንድ ሰው ሁለት ኑዛዜ ነው፤ አንደኛው ተቀባዩን መረጠ፣ ሁለተኛው አጠቃቀሙን ወሰነ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የቤተሰቡ መቶ ዓመት ከሚባለው በላይ ምስጋና ይገባዋል። ዙፋን፣ ሁለት የዓለም ጦርነት፣ የአንድ ቤት ሰዎች በአንድ ቀን ማለቅ ያለፈበት ቤተሰብ ጣሪያውን ሳይጥል አቆይቶ አስረክቧል።

የመንደሩ ሙከራ ያልተሳካው በፍላጎት ማነስ አይደለም። ጥቂት መቶ ሰው አንድ ግንብ ሊገዛ ይችል ይሆናል፤ በየዓመቱ ሊሸከመው ግን አይችልም። ፋውንዴሽኑ ሁለቱንም ሸክም በአንድ ጊዜ ለመሸከም መሞከሩ ነው ያደከመው። በ2016 የተገኘው መፍትሔ ሸክሙን ከፈለው፦ የግዢውን ዋጋ ግለሰቡ ከፈለ፣ ሕዝቡ ደግሞ ለሚያገኘው ነገር፣ ለክፍት በር፣ በየዓመቱ ይከፍላል። ይህ እንዲሆን ግን ማዘጋጃ ቤቱ ዓመታዊውን ክፍያ የሚችል መጠን ላይ መድረስ ነበረበት፤ በእኔ ግምት ውሕደቱ በአንድ ዓመት ልዩነት ከሽያጩ መቅደሙ እንዲያው አጋጣሚ ብቻ አይደለም።

ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሻገር ትምህርት

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ስንት ነው ሳይሆን ዓመታዊ ወጪው ከየት ይመጣል የሚለው መሆን አለበት። ታራስፕ በ1900 በ20,000 ፍራንክ ተገዝታ ለአሥር ዓመት ገንዘብ በላች። አሮጌ ቤት በርካሽ ወይም በነፃ ሲቀርብ የዋጋው ማነስ ራሱ የተዘለለ ጥገና ማስረጃ ነው። የሳክሶኒው ንጉሥ ስጦታውን አለመቀበላቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ የሚያስነቅፍ አይደለም። መጠበቅ ለማይችል ሰው አልችልም ማለት ለቅርሱም ይበጀዋል።

የሕንፃውን ገቢ ከሕንፃው የሚለይ ማንኛውም ውሳኔ፣ ፍትሐዊ ቢሆንም፣ የምትክ ገቢ አብሮ ሊወስን ይገባዋል። የ1803ቱ ለውጥ ለገበሬው ፍትሕ ነበር፤ ግብሩ ወደ ግንቡ መመለስ ነበረበት የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን መብቱን የወሰደው መንግሥት ጣሪያውንም እንደወሰደ አላሰበም። መሬት ሲከፋፈል፣ ድርጅት ሲፈርስ፣ የሕዝብ ንብረት ወደ ግል ሲዛወር ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ሰነዱ ላይ የሕንፃው ስም ይጻፋል፣ የሚያድሰው ሰው ስም ግን አይጻፍም።

ዕቃውንና ቤቱን በአንድ ውል ማሰር ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወጣው የታራስፕ ዕቃ ተመልሶ አልመጣም፤ የመጣው የሌላ ቤት እንጨት ነው። እድሳቱ ምንም ያህል በፍቅር ቢሠራ የጠፋውን አይተካም። ስለዚህ ማንኛውም ርክክብ የዕቃ ዝርዝር ከነፎቶግራፉ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሥራ ነው።

የሕዝብ ገንዘብ ወደ ግል ንብረት ሲገባ በምን እንደሚለካ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በሹኦል ልኬቱ በሩ ክፍት መሆኑ ነው፤ ነዋሪ ሁሉ አይቶ ሊፈርደው ይችላል። «ቅርሱን ለመደገፍ» የሚል ጥቅል ስምምነት ቢሆን ኖሮ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጭቅጭቅ ይወልድ ነበር።

የአሁኑ አደረጃጀት የሚፈተነው ግን ገና ወደፊት ነው። ገዥው በ1948 የተወለደ ሰው ነው፤ ግንቡ አሁንም የአንድ ሰው ፍቅርና ሀብት ላይ ተደግፏል። ከሊንግነር የሚለየው በሕይወት እያለ የራሱ ፋውንዴሽን ያቋቋመ መሆኑ ነው። ዓመታዊው 200,000 ፍራንክ ከባለቤቱ ዕድሜ ጋር ሳይሆን ከግንቡ ጋር የሚቀጥልበትን መንገድ ማበጀት ያለበት ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ይህንንም አሁን፣ ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው በሚሠሩበት ጊዜ፣ ሊያደርገው ይገባል።